ሱቁ ሲዘጋ ወረዳውም ይደኸያል

 

በግቢያችን ስለ ኑሮ ውድነት ሲወራ ወሬው ብዙ ጊዜ ከምግብና ከትራንስፖርት ዋጋ አያልፍም። ባለፈው ዓመት በዚህን ያህል የበላነው ዘንድሮ ይህን ያህል ገባ፤ ፎቶ ኮፒ ጨመረ፤ ለዕረፍት ወደ ቤት የምንሄድበት ታሪፍ አልቀመስ አለ እንላለን። እውነት ነው። ከዋጋው ጀርባ ስላለው ሰው ግን እምብዛም አንነጋገርም። በር ላይ ሻይና ፓስቲ የምትሸጠው እናት፣ ኮፒ ቤት የከፈተው ወንድም፣ ከሸዋ በር እስከ ፒያሳ ትንሽ ሱቅ ይዞ የሚውለው አባት ዕቃውን በስንት እያመጣ ነው? ለቤት ኪራይ፣ ለመብራት፣ ለግብር ስንት ይከፍላል? ብዙዎቻችን ከነጋዴ ቤት የወጣን ነን። በየወሩ የሚላክልን የኪስ ገንዘብም ከሱቅ መሳቢያ የወጣ ነው። ስለዚህ «መንግሥት ወጪ ለከበደበት ነጋዴ ምን ያደርጋል?» የሚለው ጥያቄ የኢኮኖሚክስ ክፍል ጥያቄ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

በዚህ ጽሑፍ ማለት የምንፈልገው አንድ ነገር ነው። ለትንንሽ ንግዶች የሚደረግ ድጋፍና የወረዳ በጀት እንደ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ይታያሉ። አንዱ የንግድ ቢሮ፣ ሌላው የፋይናንስ ቢሮ ሥራ ይመስላል። በእኛ እይታ ግን ጉዳዩ አንድ ነው። በቂ ገንዘብ የሌለው ወረዳ ዕቅዱን ለመሙላት እጁን የሚዘረጋው ቅርብ ወዳለው ሰው ነው፤ ቅርብ ያለው ደግሞ ባለ ሱቁ ነው። ባለ ሱቁ ሲዘጋ ወረዳው በሚቀጥለው ዓመት የባሰ ይቸገራል።

ወጪው ከየት መጣ?

ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲመራ ወሰነ። ከዚያ በፊት በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚገባ ሁሉ፣ ከዘይት እስከ መድኃኒት፣ ከወረቀት እስከ መለዋወጫ፣ ዋጋው በዚያው መንገድ ሄደ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የኤሌክትሪክ ታሪፍ በየሦስት ወሩ እየጨመረ በአራት ዓመት እንዲስተካከል ተወሰነ። የነዳጅ ድጎማ ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየተነሳ መጥቶ በ2017 ዓ.ም. ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር በላይ ሆነ።

የእነዚህ ውሳኔዎች ደጋፊዎች ምክንያት አላቸው። የጥቁር ገበያው ልዩነት ሰፍቶ ነበር፤ ሐዋላ ከባንክ ርቆ ነበር፤ ድጎማው ለባለ ሀብቱ መኪና እኩል ይደርስ ነበር። ይህን አንክድም። የምንለው የለውጡ ዋጋ በማን ትከሻ ላይ እንዳረፈ ይታይ ነው። ትልቅ አስመጪ ዶላር ማግኘት በመቻሉ ሊጠቀም ይችላል። ከእሱ በአምስተኛ እጅ የሚገዛው ባለ ሱቅ ግን ከለውጡ የደረሰው ጭማሪው ብቻ ነው።

ብድርም ቢሆን ጠቦ ነበር። ብሔራዊ ባንክ የዋጋ ንረትን ለመግታት ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የባንኮች የብድር ዕድገት በዓመት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ገደብ ጣለ፤ በ2017 ዓ.ም. ገደቡን ወደ 18 በመቶ ከፍ አደረገው። ባንክ የሚያበድረው ሲያንስ መጀመሪያ የሚቀረው ማስያዣ የሌለው ደንበኛ ነው።

ሽያጭ አደገ፣ ነጋዴው ግን አላደገም

አንድ ቀላል ስሌት እንሥራ። አንድ ባለ ሱቅ በቀን አሥር ጀሪካን ዘይት ይሸጣል እንበል፤ የአንዱ ዋጋ 500 ብር ቢሆን የቀን ሽያጩ 5,000 ብር ነው። በዓመት 300 ቀን ቢሠራ 1.5 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ዋጋው 800 ብር ሲገባ ያው ሰው፣ ያንኑ አሥር ጀሪካን፣ በዚያችው ጠባብ ሱቅ ሸጦ የዓመት ሽያጩ 2.4 ሚሊዮን ይሆናል። ከአንድ ጀሪካን የሚያተርፈው 20 ብር ብቻ ከሆነ በዓመት የሚቀረው ያኔም ዛሬም ያው 60,000 ብር ነው፤ ያ ገንዘብ ደግሞ እንደ ድሮው አይገዛም። በዚያ ላይ አሥሩን ጀሪካን መልሶ ለማምጣት በቀን 3,000 ብር ተጨማሪ መዞሪያ ያስፈልገዋል።

በወረቀት ላይ ግን ይህ ሰው «አድጓል»። በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ የግብር ከፋይ ደረጃዎችን ከሦስት ወደ ሁለት ዝቅ አድርጎ መለያውን የ2 ሚሊዮን ብር ዓመታዊ ሽያጭ አድርጎታል። ቀድሞ የደረጃ «ሀ» መነሻ 1 ሚሊዮን ብር ስለነበር መለያው ከፍ ማለቱ መልካም ነው። ነገር ግን ምሳሌ ያደረግነው ባለ ሱቅ መስመሩን የተሻገረው ብር በመርከሱ እንጂ ንግዱ በመስፋቱ አይደለም። ተሻግሮም የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታና ለሒሳብ ሠራተኛ የሚከፈል ወጪ ይጠብቀዋል። ከመስመሩ በታች ለቀረው ነጋዴም ግብሩ የሚታሰበው በሽያጩ ላይ ተመሥርቶ ስለሆነ ዋጋ በናረ ቁጥር ግብሩ አብሮ ይንራል።

ግምት ሲሳሳት ምን እንደሚያስከትል አገራችን አይታዋለች። በ2009 ዓ.ም. ክረምት በወጣው የቀን ገቢ ግምት ምክንያት በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ብዙ ነጋዴዎች ሱቃቸውን ዘግተው ነበር፤ በኋላ ቅሬታዎች እንደገና እንዲታዩ ተደረገ። ያን ጊዜ ያስቆጣው የግብሩ መጠን ብቻ አልነበረም። ገማቹ ሱቁ በር ላይ ጥቂት ቆሞ የጻፈው ቁጥር ከየት እንደመጣ ነጋዴው አለማወቁም ነበር።

ወረዳው ለምን ወደ ሱቁ ይመጣል?

እዚህ ላይ ወረዳውን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው። ሕገ መንግሥቱ ሕዝቡ በቅርቡ ባለው አስተዳደር በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛው እርከን በቂ ሥልጣን ይሰጥ ይላል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮም ክልሎች ለወረዳዎች ጥቅል በጀት እየሰጡ፣ ትምህርት ቤቱን፣ ጤና ጣቢያውን፣ ግብርናውንና ውሃውን ወረዳው እንዲመራ ተደርጓል። ሥራው ወርዷል። ገንዘቡ ግን በሥራው ልክ አልወረደም። ጥቅል በጀቱ አብዛኛው ለመምህራንና ለጤና ባለሙያዎች ደመወዝ ይውላል። ወንበር ለማስጠገን፣ የተበላሸ ቧንቧ ለመቀየር፣ የገበያውን መንገድ ጠጠር ለማልበስ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

ከላይ የሚመጣውን እንይ። ለ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በጸደቀው የ971.2 ቢሊዮን ብር የፌዴራል በጀት ውስጥ ለክልሎች ድጎማ የተመደበው 222.7 ቢሊዮን ብር፣ ማለትም 23 በመቶ አካባቢ ነበር። ለ2018 ዓ.ም. በጀቱ ወደ 1.93 ትሪሊዮን ብር ሲያድግ የክልሎች ድጎማ ወደ 315 ቢሊዮን ብር ሆነ። በብር ሲታይ ጨምሯል። በድርሻ ሲታይ ግን 16 በመቶ አካባቢ ነው። ክልሎች የራሳቸው ገቢና ከፌዴራል መንግሥት ጋር የሚጋሩት ግብር እንዳላቸው እናውቃለን፤ ድጎማው ሙሉውን ሥዕል አያሳይም። ቢሆንም ደመወዝ፣ ነዳጅ፣ መድኃኒትና ሲሚንቶ ሲወደዱ ለወረዳውም ይወደዳሉ። ድርሻው ካነሰ ጉድለቱን ከየትም ብለህ ሙላ መባሉ አይቀርም።

ስለዚህ የገቢ ዕቅድ ከላይ ይወርዳል፤ ክልሉ ለዞን፣ ዞን ለወረዳ፣ ወረዳ ለቀበሌ። በመጨረሻ ዕቅዱን ይዞ በእግሩ የሚሄደው ሠራተኛ የሚያንኳኳው የትንሹን ሱቅ በር ነው። ግብሩ ብቻ አይደለም። የመንገድ መዋጮ አለ፤ የጥበቃ መዋጮ አለ፤ የበዓል መዋጮ አለ። ብዙው ለበጎ ሥራ ነው፤ ግን ስንት እንደተሰበሰበና ምን እንደተሠራበት የሚነገረው ጥቂቱ ነው። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የማይንቀሳቀስ ንብረት ታክስ አዋጅም ለከተሞች አዲስ የገቢ ምንጭ ከፍቷል። በመርህ ደረጃ ተገቢ ነው፤ ከተማ ከቤትና ከሕንፃ ባለቤት ገቢ ሰብስቦ መንገዱን ቢሠራ የሚነቀፍ ነገር የለውም። ነገር ግን አከራዩ የታከሰውን ወደ ኪራይ እንዳያዞረው ካልታሰበበት ይህም ዞሮ ዞሮ ባለ ሱቁ ላይ ያርፋል።

ድጋፉ የሚደርሰው ለማን ነው?

መንግሥት ንግድን አልደገፈም አንልም። ከእኛ ብዙም ሳይርቅ ኮምቦልቻ ላይ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። በእንዲህ ዓይነት ፓርክ የሚገባ አምራች ለዓመታት የሚቆይ የገቢ ግብር እፎይታና ከቀረጥ ነፃ የሚያስገባው ማሽን አለው። ለብዙ እህቶቻችን ሥራ ስለፈጠረ ጥቅሙን አናሳንሰውም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣም እስከ 2007 ዓ.ም. የነበረ የግብር ውዝፍ ተሰርዟል፤ ከዚያ በኋላ ባለው ውዝፍ ላይ ወለድና ቅጣት ተነስቷል። በችግር ጊዜ የተደረገ መልካም እርዳታ ነበር። ሆኖም የውዝፍ ስረዛ የሚጠቅመው ውዝፍ ያለበትን ነው፤ በየዓመቱ ተበድሮም ቢሆን በወቅቱ የከፈለው ትንሽ ነጋዴ ከዚያ ድርሻ አልነበረውም።

ለትንሹ የሚሰጠው ድጋፍ አብዛኛውን ጊዜ ብድር ነው። በ2009 ዓ.ም. 10 ቢሊዮን ብር የተመደበለት የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድም በብድር መልክ፣ በወለድ የተሰጠ ነው። የእኛ ጥያቄ በተለይ እዚህ ላይ ይጠነክራል። ሪባ በዲናችን ከባድ ወንጀል መሆኑን የማያውቅ አንባቢ የለንም። ግብር ሲሰበሰብ ከሙስሊሙም ከክርስቲያኑም በእኩል ይሰበሰባል፤ ተገቢም ነው። ከዚያ ግብር የተገኘው ገንዘብ ድጋፍ ሆኖ ሲመለስ ግን ወለድ የለበሰ ከሆነ ዲኑን የሚጠብቅ ወጣት ከበሩ ይመለሳል። ማንም «አንተ አትግባ» አላለውም፤ በሩ ግን ለእሱ አይከፈትም።

ይህ መፍትሔ የሌለው ነገር ቢሆን ኖሮ ሰብር ብለን እንተወው ነበር። መፍትሔ ግን አለ። ከወለድ ነፃ አገልግሎት መጀመሪያ በባንኮች በኩል በመስኮት መልክ ተፈቀደ። በ2013 ዓ.ም. ዘምዘምና ሒጅራ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ባንኮች ሆነው ሥራ ጀመሩ። ዛሬ ሸበሌ ባንክ የምንለው ተቋም የተነሳው ከሶማሌ ክልል የማይክሮ ፋይናንስ ተቋም ነው፤ እሱም ገና ማይክሮ ፋይናንስ ሳለ በሙራበሐ ለአነስተኛ ደንበኞች ይሠራ ነበር። ሙራበሐ ደግሞ ውስብስብ ነገር አይደለም። ተቋሙ ነጋዴው የሚፈልገውን ዕቃ ራሱ ገዝቶ፣ የገዛበትን ዋጋና ትርፉን በግልጽ ነግሮ፣ በጊዜ ክፍያ ይሸጥለታል። መንግሥት ለወጣትና ለአነስተኛ ንግድ ከሚመድበው ፈንድ የተወሰነውን በዚህ መንገድ ማድረስ የሚያግደው ነገር አይታየንም። ለከወለድ ነፃ ባንኮቻችንም መልእክት አለን። ቁጠባችንን ለመቀበል በራችሁ ሰፊ ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ፋይናንስ ለመስጠት ግን ቤትና ሕንፃ ማስያዝ የማይችለውን ባለ ሱቅም አስቡት።

ዲናችን ምን ያስተምረናል?

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሙዓዝን ወደ የመን ሲልኩት ዘካ ከባለጸጎቻቸው ተወስዶ ወደ ድሆቻቸው እንደሚመለስ እንዲያስተምራቸው አዘውታል። ዑለማዎቻችን ከዚህ ተነስተው ዘካ በመጀመሪያ ለተሰበሰበበት አገር ሰው እንደሚገባ አስተምረዋል። ግብርና ዘካ አንድ እንዳልሆኑ እናውቃለን፤ ነገር ግን ትምህርቱ ግልጽ ነው። ገንዘብ የሰጠ ሕዝብ የገንዘቡን ፍሬ በሠፈሩ ማየት አለበት። ከሸዋ በር ነጋዴ የተሰበሰበ ብር የሸዋ በርን ፍሳሽ ሲያስተካክል ከፋዩ በሚቀጥለው ዓመት ያለ ጭቅጭቅ ይከፍላል።

በመዲና ዋጋ በናረ ጊዜ ሰሐቦች ዋጋ እንዲተመንላቸው ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ጠይቀው ነበር። እሳቸው አልተመኑም፤ ማንም ሰው በደሙም በገንዘቡም የሚጠይቃቸው በደል ሳይኖር አላህን መገናኘት እንደሚሹ ነው የተናገሩት። ዑለማዎች በዝርዝሩ ብዙ ተነጋግረዋል፤ ነጋዴው ራሱ ሲበድል መሪው ጣልቃ መግባት እንደሚችል ያስረዱም አሉ። ለእኛ ዋናው ቁም ነገር በሰው ገንዘብ ላይ መወሰን ከባድ አማና መሆኑ ነው። ግብር የሚገምተው ሠራተኛ ቁጥር ሲጽፍ ይህን ቢያስብ እንወዳለን።

አማናው በነጋዴው ላይም አለ። ዕቃ ደብቆ ዋጋ እስኪንር የሚጠብቅ፣ ትናንት በርካሽ ያስገባውን ዛሬ «ዶላር ጨመረ» ብሎ በእጥፍ የሚሸጥ፣ ደረሰኝ ሲጠየቅ ፊቱን የሚያጠቁር ነጋዴ ስለ ወጪ ጫና ለመናገር አፉ አይፈታም። ኢሕቲካር ሐራም ነው። ግብር የሚሰውር ነጋዴም የሰወረውን የሚከፍልለት ሳይሰውር የሚከፍለው ጎረቤቱ ነው፤ ምክንያቱም የወረዳው ዕቅድ አይቀነስም። አባቶቻችንንና ወንድሞቻችንን በአደብ ይህን ማስታወስ የእኛ ድርሻ ነው።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ የግብር ደረጃ መለያው በየጥቂት ዓመቱ ከዋጋ ንረት ጋር ይገናዘብ። በ2008 ዓ.ም. አዋጅ የተቀመጠው መለያ እስኪሻሻል ዘጠኝ ዓመት ፈጅቷል። በእነዚያ ዓመታት፣ በተለይ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ በነበረበት ጊዜ፣ ብዙ ሰው ሳያድግ ደረጃው አድጓል።

ሁለተኛ፣ ግምት ሲወጣ ስሌቱ ለነጋዴው በጽሑፍ ይሰጠው። ቅሬታ የማቅረብ መብት በሕግ አለ፤ ግን ቀኖቹ የተቆጠሩ ናቸው። ስሌቱን ያላየ ሰው ምን ብሎ ይከራከራል?

ሦስተኛ፣ የወረዳው በጀት በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከ1998 ዓ.ም. በኋላ ወረዳዎች በጀታቸውን ማንም ሊረዳው በሚችል ቀላል ቅጽ እንዲለጥፉ የተሠራበት ጊዜ ነበር። መዋጮም በደረሰኝ ይሰብሰብ፤ ሪፖርቱም እዚያው ይለጠፍ።

አራተኛ፣ ለአነስተኛ ንግድ ከሚመደብ የመንግሥት ፈንድ ከወለድ ነፃ አማራጭ ከመጀመሪያው ይካተት።

አምስተኛ፣ ለትልልቅ ባለሀብቶች የሚሰጥ የግብር እፎይታ በየዓመቱ ስንት ብር እንደሆነ ይገለጽ። የተተወ ግብርም ወጪ ነው፤ ሕዝቡ ለማን እንደተተወ የማወቅ መብት አለው።

ይህን ሁሉ ለመንግሥት ብለን እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። በመካከላችን አካውንቲንግ የሚማሩ አሉ። ለአንድ ባለ ሱቅ ቀላል የገቢና ወጪ መዝገብ ማስያዝ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው፤ ያ መዝገብ ግን ግምት በመጣ ጊዜ ማስረጃው ነው። ሕግ የሚማሩ አሉ፤ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ፤ የቅሬታ ማመልከቻ መጻፍም የዚሁ አካል ሊሆን ይችላል። ሌሎቻችን ደግሞ ለክረምት ወደየአገራችን ስንመለስ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ጎራ ብለን በጀቱ ተለጥፎ እንደሆነ እንጠይቅ። በአክብሮት፣ ያለ ጩኸት፣ ግን ደጋግመን። ከጁሙዓ በኋላ በመስጂድ ግቢ ሰው ሲሰባሰብም ያየነውን እናካፍል። ሸሪክ ሆነው ትንሽ ንግድ መጀመር የሚፈልጉ ወንድሞችና እህቶች ካሉም አቅም ያላቸው የጀመዓው አባላት በሙዷረባ ሊያግዟቸው ይችላሉ፤ ዘካችንም በዕዳ የተያዙትን እንዳይዘነጋ።

በጦርነቱ ጊዜ፣ በ2014 ዓ.ም.፣ የደሴና የኮምቦልቻ ሱቆች ተዘርፈው ባዶ መደርደሪያ ታቅፈው ነበር። ከዚያ የተነሱት በዘመድ ብድር፣ በጎረቤት ዕቁብ፣ በጅምላ ሻጭ ዱቤ ነው። ያንን አልፈው የቆሙ ሰዎች ዛሬ በወጪና በግምት መካከል ተጨፍልቀው ቢዘጉ ኪሳራው የእነሱ ብቻ አይሆንም። የሚቀጥለው ዓመት የመምህሩ ደመወዝና የጤና ጣቢያው መድኃኒትም ከዚያው ሱቅ ግብር የሚጠበቅ ነው።

አላህ ንግዳችንን ሐላልና በረካ ያለበት ያድርግልን፤ በሕዝብ ገንዘብ ላይ የተሾሙትን ፍትሕ ያድላቸው፤ የተቸገሩትን ይርዳልን። አሚን። ወላሁ አዕለም።